አየር የማይሹ እንግዶች

አስካለ ማርያም እጇን እስከ ክርኗ ጭቃ አስነክታ የጠላ ጋኗን አፍ ትመርግ ነበር። እሷ የመረገችው ጋን ትንፋሽ አያወጣም ይባልላታል፣ በሞላሌ። በ2004 ዓ.ም. ቤቷን የተከራየችው መምህርት እታገኝም አራት ጠርሙሶቿን አጠገቧ የደረደረችው ይህንኑ አይታ ነው።

"እማማ አስካለ፣ ለስልጠና ደብረ ብርሃን ልሄድ ነው። እስክመለስ ሦስት ሳምንት አደራ። አየር እንዳይገባባቸው።"

"ምነው ልጄ፣ ጭቃም አደራ ይባላል?"

"ከገብሱ ማሳ ግርጌ ካለው ረግረግ የቀዳሁት ነው። በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉበት። ሜቴን የሚባለውን የረግረግ ጋዝ ይበላሉ።"

"ያለ አየር?"

"ማዳበሪያው በዝናብ ታጥቦ ሲወርድ፣ ናይትሮጅን ያለበት ናይትራይት የሚባል ጨው ጭቃው ውስጥ ይፈጠራል። የሚተነፍሱትን ኦክስጅን ከዚያ ጨው ፈልቅቀው ያወጣሉ። የእኛ አየር ግን ይጎዳቸዋል። ለመብዛትም ቀርፋፋ ናቸው፤ እዚህ እስኪደርሱ ዓመት ከመንፈቅ ጠበቅኋቸው። የመመረቂያ ጽሑፌ እነሱ ናቸው።"

አስካለ ውርጭ እንዳይነካቸው የበግ ጠጉር ባናዋን አልብሳ ሁለት ሳምንት ጠበቀቻቸው። በሦስተኛው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ያለ አየር ታፍነው መክረማቸው አሳዘናት።

"ጾም እንኳ ይፈታል፤ የእናንተስ መቼ ነው?" ብላ የአንዱን ጠርሙስ የጎማ ክዳን ነቀለችና በነጠላዋ ጫፍ አራገበችለት። ወዲያው ጋኗ ትዝ አላት። ጋኗን እንዲህ የከፈተባት ሰው ቢኖር ምን ታደርገው ነበር? ክዳኑን በድንጋጤ መልሳ ደፈነችው።

ጠላ ሊጠጣ የመጣው ጎረቤቷ አባይነህ ሳቀባት። "ምን ያስደነግጥሻል? አራቱም ጭቃ፤ ማን ይለየዋል?"

"እታገኝ አትለየውማ! ክፋቱስ እሱ አይደል? የተጎዳውን ከጤነኞቹ ደምራ ከቆጠረችው፣ ዓመት ከመንፈቅ ልፋቷ ገደል ገባ።"

አስካለ ፊደል የቆጠረችው በስተርጅና፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ቁጭ ብላ፣ እያንዳንዱን ፊደል አፏን እያንቀሳቀሰች ጻፈች፦ "ይህን እሑድ ለት እኔ አስካለ ከፈትሁት። አዝኜ ነው።" ወረቀቱን በሊጥ ጠርሙሱ ላይ ለጠፈችው።

እታገኝ ተመልሳ አነበበችው። ወዲያውም በመለኪያ ወረቀቷ የየጠርሙሱን ጨው ለካች። አስካለ ጓዳ ገብታ በበሩ ስንጥቅ ታያታለች።

"ይውጡ እማማ! ሦስቱ ጨዋቸውን ጨርሰዋል። የተከፈተው ግን እንዳለ ነው፤ ሥራ አቁሟል። ባይጽፉልኝ ኖሮ ምክንያቱን ስፈልግ እከርም ነበር።"

"ሞቱ እንዴ?"

"ገና አላወቅሁም። እስከዚያው ግን ጠርሙሶቹ ለሚቀመጡበት መደርደሪያ ማስታወቂያ እርስዎ ይጻፉ።"

ጻፈች፤ እስካሁንም እዚያው ተለጥፏል፦

"ይህን የምታነብ ሰው፣ እባክህ ጠርሙሱን አትክፈት። አየር አጡ ብለህ አትዘንላቸው፤ ደህና ናቸው። ማዘን ካማረህ ጓሮ እንጨት አለ፤ ፍለጥልኝ።"