ያቺ ባለ ስምንት ሽቦ ሳጥን የስለላ አልነበረችም

ጠዋት ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ ተደውሎ ኢድሪስ አረፈ ሲሉኝ ውሸት ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። መልሼ ደወልኩ። ያነሳችው ሚስቱ ናት። ድምፄን ስትሰማ አለቀሰች፤ ያኔ ገባኝ።

"ስኳሩ ነው፣ ቀኑ ደርሶ ነው" እያላችሁ የጻፋችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ አጥፉት።

ለማታውቁት፣ ኢድሪስ የመተማ ሰው ነው። ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ሬዲዮውንም ስልኩንም የወፍጮ መቆጣጠሪያውንም ይጠግን ነበር። ያወቅሁት ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ክሊኒክ ስሠራ የክትባት ፍሪጃችን ተበላሽቶ ነው። ከሱ በፊት የመጣው ጠጋኝ የፍሪጁ መቆጣጠሪያ ቦርድ ሞቷል፣ ጣሉት ብሎን ሄዷል።

ኢድሪስ ከቦርሳው የክብሪት ቀፎ የምታክል ሳጥን አወጣ። ሎጂክ አናላይዘር ትባላለች፣ በሽቦ የሚያልፈውን ምልክት ስክሪን ላይ ታሳያለች፣ ርካሽ ናት፣ አንቺም መግዛት ትችያለሽ አለኝ። መጀመሪያ ግራውንድ የሚባለውን ሽቦ አሰረ፤ እሱ ካልታሰረ የምታዪው ሁሉ ውሸት ነው አለ። ቀጥሎ ሁለት ሽቦ ከሙቀት መለኪያው እግሮች ጋር አገናኝቶ ላፕቶፑን ከፈተ። ስክሪኑ ላይ አንደኛው መስመር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሁለተኛው ዝርግ ነው።

"አየሽ እህቴ፣ ቦርዱ ይጠይቃል፣ መለኪያው አይመልስም። ታዲያ ቦርዱ ምን አጠፋ?"

የለቀቀች አንዲት እግር በየዳት፣ ፍሪጁ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ በመጣ ቁጥር ያስተምረኝ ነበር። ስቸኩል "ግምት ቦርድ ያቃጥላል" ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት ወፍጮ ሊጠግን ወደ ባሱንዳ ሲሄድ ኬላ ላይ ፈታሾቹ ሳጥኗን አገኙበት። ሽቦዎቿን አይተው የስለላ መሣሪያ ነው ብለው አሰሩት። ኢንሱሊኑንም ከዕቃው ጋር ያዙበት።

እኔና ሚስቱ ወደታሰረበት ሦስት ቀን ተመላለስን። ሬዲዮ አምጡና ሳጥኗን ሰክቼ ሥራዋን ላሳያችሁ አልኳቸው። እሷ መድኃኒቱን ብቻ ስጡት ብላ ለመነች። መልሳቸው አንድ ነበር።

"ቡክራ።" ነገ።

በአራተኛው ቀን ራሱን ስቶ ሆስፒታል ወሰዱት። ሐኪሙ ይተርፋል ስላለን ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

እኛስ? እሱ ያልጠገነለት የገዳሪፍ ሐበሻ ማን አለ? እዚያ በር ላይ ግን ሁለት ሴቶች ብቻ ነበርን። ዛሬ ሁላችሁም ፎቶውን ለጥፋችኋል።

ኢድሪስ ወንድሜ፣ ይቆጡብኛል ብዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ለመንኳቸው። መጮህ ነበረብኝ። አላህ ይዘንልህ። ደህና ሁን።