ሆሳዕና የቀረው ሲሊንደር

ከቤት መውጣት

ሚስቴ ሙሉ፣ በሩን ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ እጀታውን ስነካ ባየች ቁጥር ትስቅብኛለች። ትሳቅ። የምንበላው እንጀራ የሚገኘው ከዚሁ ጠባዬ ነው። አዲስ አበባ በአንድ የአውሮፕላን ጥገና ክፍል ውስጥ የሞተር ዕቃዎችን እመረምራለሁ፤ ዓይን የማያየውን ስንጥቅ ፈልጎ ማግኘት ነው ሥራዬ። የዚያን ዕለት ማለዳ ግን ከግቢው በር ድረስ ሄጄ እንደገና ተመለስኩ። የምሄድበትን ጉዳይ ሳሰላስል ነበር ያደርኩት።

ሐኪምና መድኃኒት ወደ ገጠር የሚያመላልስ አንድ ትንሽ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ሆሳዕና ሣር ሜዳ ላይ ቆሟል። ሊያርፍ ሲል ሞተሩ ድምፁን ቀየረ። መካኒኩ ዘለቀ አንዱን ሲሊንደር ፈትቶ ሲያየው፣ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ከሚታሰርበት ቀዳዳ አጠገብ የሚያጠራጥር ነገር ታየው። ስንጥቅ ይሁን ጭረት መለየት ስላልቻለ፣ ዕቃው መንገድ ላይ እንዳይጋጭበት ፈርቶ ለሜዳው ዘበኛ አደራ ሰጥቶ በአውቶቡስ እኛ ዘንድ መጣ። በመጋዘናችን መለዋወጫ የለም፤ ከውጭ ይምጣ ቢባል በዚያ የደርግ ዘመን ወረፋው ብቻ ያስረጃል። ስለዚህ ወይ እኔ «ደህና ነው» ብዬ እፈርምና ሲሊንደሩ ይታሰራል፣ ወይ አውሮፕላኑ እዚያው ይከርማል።

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ሆሳዕና ውስጥ የአንድ አስተማሪ ሚስት በጠና ታማለች። ሆዷ ውስጥ ያበጠው ነገር ሳይፈነዳ አዲስ አበባ ደርሳ ኦፕራሲዮን መደረግ አለባት ተብሏል። የክረምቱ መንገድ እያንገጫገጨ ይገድላታል ብለው ስለፈሩ፣ አብራሪው ካፒቴን መስፍን በአውሮፕላኑ ሊወስዳት ቃል ገብቷል። ሁሉም የሚጠብቀው የእኔን ፊርማ ነው። ዘለቀ ይህን ሲነግረኝ የምርመራ ሣጥኔን ማዘጋጀት ጀመርኩ።

ኬላው

የቡታጅራው መንገድ ወንዝ ሞልቶ ተቆርጧል ስለተባለ በሞጆ፣ በዝዋይ፣ በሻሸመኔ በኩል ዞርን። ላንድሮቨሩን የሚነዳው ዘለቀ ነው። እኔ የምርመራውን ሣጥን ጭኔ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ውስጡ በቆርቆሮ የታሸገ ቀለም፣ ማጽጃ፣ ነጭ ዱቄት የሚረጭ ጣሳና በመኪና ባትሪ የሚሠራ ሐምራዊ መብራት አለ። ቀለሙ ዕቃው ላይ ይቀባል፣ ስንጥቅ ካለ ሰርጎ ይገባል። የተረፈው ይጠረጋል፣ ዱቄቱ ይረጫል። ከዚያ ጨለማ ውስጥ መብራቱ ሲበራበት ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ቀለም አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ሥራው ይኸው ነው፤ መርምሮ ያላየ ግን ምትሐት ነው የሚመስለው።

ከሻሸመኔ መውጫ ኬላ ላይ የነበረው ወታደር ግን ምትሐት አልመሰለውም፤ ሬዲዮ መሰለው።

«ይህ መገናኛ ነው» አለኝ፣ መብራቱን እያገላበጠ።

«መብራት ነው ጓድ።»

«በቀን?»

በዚያን ጊዜ ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ነው እስር ቤት የሚከርመው። ዘለቀ መብራቱን ከባትሪው ጋር አገናኘው፤ እስኪሞቅ ጠበቅን፤ ከዚያ ካፖርቴን ራሳችን ላይ ደፍተን ወታደሩና እኔ እንደ ሁለት ሕፃናት ተጠጋጋን። የወታደሩ ሸሚዝ ኮሌታ በሳሙና ዱቄት የታጠበ ነበርና ቦግ ብሎ አበራ። ኮሌታውን ነካ፣ ጣቱን አየ፣ እንደገና ነካ። ከካፖርቱ ሲወጣ እየሳቀ ነበር፤ የይለፍ ወረቀታችንን ሳያነብ መለሰልን። ያን ዕለት አላባ ቁሊቶ ደርሰን አደርን።

ከአዲሎ እስከ ሆሳዕና

በማግስቱ አዲሎ ስንደርስ መኪናዎች ጭቃውን ፈርተው መንገድ ዳር ተደርድረዋል። ሹፌሮቹ የተጠበሰ በቆሎ ይግጣሉ፣ አንዱ በስሙኒ ነው። እኛም ገዝተን እየጋጥን ወጣን። ከዚያ በኋላ መንገድ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቀላል። ግራና ቀኙ ያማረ ነው፤ እንሰቱ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ቆሟል፣ ቀይ አፈሩ ላይ ዝንጅብል ተዘርቷል። እኔ ግን የማየው ጉድጓዱን ብቻ ነው። መኪናው በነጠረ ቁጥር የማላውቃትን ሴት ሆድ አስባለሁ። «አውሮፕላኑ ባይነሳ በዚህ ነው የምትመጣው» ይለኛል ልቤ።

ዳምቦያ ስንደርስ የገበያ ቀን ነበር። ከከተማው ወጣ እንዳልን ጎርፍ መንገዱን ግማሹን በልቶታል። ገበያተኞች ሸክማቸውን አውርደው ገፉን። አንዱ ሰውዬ ወደ ሣጥኔ እያየ በአማርኛ «መድኃኒት ነው?» አለኝ። አይደለም ለማለት አፈርኩና «እንደዚያ ነው» አልኩት።

የአቶ ላምቤቦ ቤት

ሆሳዕና የገባነው ረፋዱ ላይ ነው። ካፒቴን መስፍን አውሮፕላኑ ክንፍ ሥር ቆሞ ሰማዩን ያያል። ረጅም፣ ችኩል፣ በጨዋታው ሰው የሚወደው ዓይነት ነው። ከጎኑ አስተማሪው አቶ ጴጥሮስ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል።

«ከሰዓት በኋላ ደመናው ይወርዳል» አለኝ ካፒቴኑ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ። «ቶሎ በልልኝ።»

ጨለማ ያስፈልገኝ ነበር። የሜዳው ዘበኛ አቶ ላምቤቦ ሸምገል ያሉ ሃዲያ ናቸው፤ ቤታቸው ከሜዳው አጥር አጠገብ ነው። ክብ የሣር ቤት፣ መስኮት የለውም። የግድግዳውም ቀዳዳ ሁሉ በደረቀ የእንሰት ቅጠል ተጠቅጥቆ ስለነበር፣ በሩ ሲዘጋ ከፎቶ ቤት የጨለማ ክፍል ይሻላል። ለምን እንዲህ እንደተደፈነ ስጠይቅ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሐና ወደ በሩ አዩ። አቶ ላምቤቦ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቸርቻችን ተዘግቷል። የምንጸልየው እዚህ ነው» አሉኝ።

ሲሊንደሩን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ከቆጡ ላይ አወረዱልኝ። ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ቅቤ ቅቤ ሸተተኝ፤ ነገር ግን ቤቱም ቅቤ ቅቤ ይላል፣ የወይዘሮ ሐናም ፀጉር እንዲሁ፣ ስለዚህ ነገሬ አላልኩትም። በማጽጃ ጠረግሁት፣ ቀለሙን ቀባሁ፣ ጊዜውን ጠበቅሁ፣ ጠረግሁ፣ ዱቄቱን ረጨሁ። በሩ ተዘጋ። መብራቱን ከጥግ እስከ ጥግ አዞርኩበት።

ምንም የለም። ዘለቀ በጠረጠረው ቦታ ላይ እንኳ ጭል የሚል ነገር የለም።

በሩን ከፍቼ «አልታየኝም» ስል አቶ ጴጥሮስ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ለጠፈው፤ ካፒቴኑ ትከሻዬን መታ አደረገኝና ሲሊንደሩን እንዲያስር ዘለቀን ጠራው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ያው በሩን ደጋግሜ የምነካው ሰው ነኝ። ዕቃው ያለ ልክ ንጹሕ ሆነብኝ።

ወይዘሮ ሐና «የአገራችንን ምግብ አተካና ሳትቀምስ አትፈርምም» አሉ። ቡላው በወተትና በቅቤ ተሠርቶ በገበታ ቀረበ፤ ቅቤው ከላዩ ይዋኛል። አቶ ላምቤቦ አጭር ጸሎት አደረሱና እንድበላ እያዩኝ፦

«ብላ እንጂ። እኛ እንግዳን በቅቤ ነው የምንይዘው። ያን ብረትም ያው በቅቤ ነው የያዝነው» አሉ።

ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ። «ብረቱን ምን አደረጋችሁት?»

«ዘለቀ ከዝናብ ጠብቅልኝ አለኝ። ብረትን ዝናብ ይበላዋል። እኛ ለማረሻውም እንዲህ ነው የምናደርገው። እሳት ዳር አሞቅነው፣ ሐና ቅቤ ቀባችው። ሲነጋ ብናየው ጠጥቶታል፤ ደገምነው። በየማታው ነው እንግዲህ። ዛሬ እንግዳ መጣ ስንባል ወልውላ በጨርቅ አሰረችው።»

በኩራት ነበር የነገሩኝ። ከቤታቸው ምርጡን ነበር የሰጡት፤ ያውም ቅቤ ለገበያ በሚጠበቅበት ጊዜ። እኔ ግን ማንኪያውን አስቀመጥኩ። ቅቤ የሞላው ስንጥቅ ቀለም አይቀበልም። የእኔ ማጽጃ የጠረገው ላዩን ብቻ ነው። መብራቴ የነገረኝ ሲሊንደሩ ደህና መሆኑን ሳይሆን መጥገቡን ነው።

ወደ ሜዳው ሮጥኩ። ዘለቀ ሲሊንደሩን ለማሰር ተሸክሞ ነበር።

«አውርደው» አልኩት።

ካፒቴኑ ታሪኩን ሰምቶ ፊቱ ጠቆረ። «ምንም አልታየኝም አላልክም?»

«አልታየኝም። አሁን ግን ስላልታየኝ መፈረም አልችልም።»

«ለቅቤ ብለን ሴትዮዋን እናስቀምጣት?»

አቶ ጴጥሮስ ወደ እኔ ቀረበ። «ጋሼ፣ እኔ ስለ ሞተር አላውቅም» አለ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ሚስቴ ማርታ ግን ዛሬ ውሃም አልቀመሰችም። እባክዎን።»

ቢቆጣኝ በተሻለኝ። ፈራሁ፤ ብዙ ፈራሁ። ብፈርም አየር ላይ ልገድላቸው እችላለሁ፤ ባልፈርም ደግሞ እዚሁ ዓይኔ እያየ ልትሞት ትችላለች። «እንደገና ልመርምረው» ብቻ ነው ያልኩት።

ወይዘሮ ሐና ትልቁን ድስታቸውን ሰጡኝ፤ ከእንግዲህ ለምግብ እንደማይሆን ነግሬያቸው እንኳ አልሳሱም። ሲሊንደሩን በሳሙና ውሃ ቀቀልነው። ቅቤው ቢጫ ዓይን እየሠራ ብቅ ሲል አቶ ላምቤቦ ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። ከዚያ ከእሳቱ ርቀን ማጽጃ ውስጥ ዘፈቅነው፣ እንደገና ቀቀልነው፣ ውሃው ከውስጡ እንዲጠፋ አድርቀን አቀዘቀዝነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ካፒቴኑ ከቤቱ እስከ አውሮፕላኑ ይመላለሳል፤ ደመናውም ዝቅ እያለ ነው። ቀለሙን እንደገና ቀባሁ፣ ጠረግሁ፣ ዱቄቱን ረጨሁ።

በሩ ተዘጋ። ካፒቴኑ በዚህኛው ጊዜ አብሮኝ ገባ።

የስንጥቁ መስመር ከካንዴላው ቀዳዳ ተነስታ ወደ ቫልቩ መቀመጫ ትሄዳለች። ከፀጉር ትቀጥናለች። አረንጓዴዋ ግን የጠራ ነው፤ ቅድም ምንም ያልነበረበት ቦታ ላይ ጸጥ ብላ ታበራለች። ካፒቴኑ ጎንበስ ብሎ ብዙ አያት።

«በዚህ ነው ልበር የነበረው» አለ።

አቶ ላምቤቦ ደጃፍ ላይ «እኔ ነኛ ላስጨርሳቸው የነበርኩት» ሲሉ ሰማኋቸው። «አይደለም አባባ» አልኳቸው፤ «ጠብቅ የተባሉትን ነው የጠበቁት። እንዴት እንደሚጠበቅ የነገረዎት የለም።» የተጽናኑ አልመሰለኝም።

በዚያው መንገድ መመለስ

ማርታን በመኪና ከመውሰድ በቀር ምርጫ አልነበረንም። ላንድሮቨሩ ውስጥ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ወፍራም አድርገን አነጠፍን፣ ፍራሽ ደረብንበት። ማርታ ቀጭን፣ ቀይ፣ ዓይኗን የጨፈነች ወጣት ሴት ነበረች። ከሆስፒታሉ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ወግተዋታል። አቶ ጴጥሮስ ራሷን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ሲሊንደሩን እኔ እግሬ ሥር አኖርኩት። ልንነሳ ስንል ወይዘሮ ሐና በኮባ የታሰረ ነገር በመስኮቱ አቀበሉኝ፤ ፈትቼ አላየሁትም።

ስመጣ የቆጠርኩት ጉድጓድ ሁሉ ጠበቀኝ። መንገዱ በከፋበት ቦታ ካፒቴን መስፍን ወርዶ ከመኪናው ፊት ፊት እየሄደ፣ አውሮፕላን እንደሚያስገባ ሰው በሁለት እጁ ለዘለቀ ጎማውን የሚያሳርፍበትን ያሳየዋል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል። ማርታ በቃተተች ቁጥር ወደ ኋላ መዞር አልቻልኩም። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ብትሞት የምትሞተው በእኔ እንቢታ ነው።

ዳምቦያ ልንደርስ፣ ያ ጎርፍ የበላው ቦታ ላይ ቆምን። ከገበያ የሚመለሱት ሰዎች ወደ ውስጥ አዩ፤ ማንም አልጠየቀንም። በከምባትኛ ተነጋገሩና አንዱ ከአጥር እንጨት ነቀለ፣ ሌላው ገመድ አመጣ፣ ሴቶች ጋቢያቸውን ሰጡ፤ ቃሬዛ ሆነ። ማርታን አንሥተው ትከሻ እየተቀያየሩ፣ ጭቃውን በባዶ እግራቸው እየመረጡ፣ ከተማውን አሳልፈው ደህናው መንገድ ድረስ ወሰዷት። ባዶው መኪናችን ከኋላቸው ይከተላል። ቅድም ስለ ሣጥኔ የጠየቀኝ ሰው ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር። በዓይኑ አወቀኝ፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

አላባ ላይ ጥቂት አረፍን። ከሻሸመኔ በኋላ አስፋልቱ ሲለሰልስ ማርታ ውሃ ጠየቀች፤ አቶ ጴጥሮስ ራሷን ቀና አድርጎ ጣሳውን አቀበላት።

እቤት

በማግስቱ አዲስ አበባ ገብተን በቀጥታ ሆስፒታል አደረስናት። ኮሪደሩ ላይ አራታችን በአንድ አግዳሚ ተቀምጠን ሐኪሙ እስኪወጣ ጠበቅን። «በጊዜ ደርሳለች» አለ ሐኪሙ ሲወጣ። «ትድናለች።» አቶ ጴጥሮስ መጀመሪያ ያቀፈው ካፒቴኑን ነው፤ ከዚያ እኔን፤ አጥብቆም ያዘኝ።

ዘለቀ በሚቀጥለው ጉዞው ለወይዘሮ ሐና አዲስ ድስት ይዞላቸው ሄዷል። እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ሣጥኔን ከመክፈቴ በፊት የምጠይቀው ነገር አለኝ፦ ዕቃው ማን ዘንድ ከረመ? ምንስ አደረገለት? መብራቱ የሰው ደግነት ምን እንዳደረገ አያሳይም፤ ሰውየውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ያን ዕለት ከሆስፒታሉ እቤት ስገባ ሙሉ የኮባውን እስር ፈታችው። ንጹሕ የሆሳዕና ቅቤ። ፊቴን አየችና ዱካ ላይ አስቀምጣኝ፣ ቅቤውን በመዳፏ አሙቃ አናቴ ላይ አደረገችልኝ። እየቀለጠ በፀጉሬ ሥር ቀስ ብሎ ሲገባ ይሰማኝ ነበር። የት ድረስ እንደሚገባ አውቃለሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«በሩን ቆልፈኸዋል?» አለችኝ ሙሉ፣ ልታሾፍብኝ።

«እንጃ» አልኳት። ተነሥቼም አላየሁም።