ከቲክ እንጨት የሠራሁት ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት ጁባ፣ ሎሎጎ ሰፈር ባለው ቤቴ ጣሪያ ላይ ሶላር ሊገጥም የመጣው ባለሙያ ባትሪውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ሲፈልግ፣ ከአልጋዬ ሥር አንድ የእንጨት ሣጥን ጎትቶ አወጣ። ሣጥኑ ግራና ቀኙ በቀዳዳ የተበሳሳ ነው። ሰውየው አቧራውን እፍ ብሎ አየውና፣ «ጋሼ፣ ርግብ ያረቡ ነበር እንዴ?» አለኝ።

ስቄ ማለፍ እችል ነበር። ግን ዝም ማለት አልችልበትም፤ ባለቤቴ አስካለ እንደምትለው ምላሴ ከእጄ ቀድሞ የተፈጠረ ነው። «የርግብ ቤት አይደለም፤ ኮምፒውተር ነው» አልኩት። «የሠራሁትም እኔ ነኝ።» ሰውየው መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ የጀመረውን ገመድ እየላጠ አዳመጠኝ። ለእሱ የነገርኩትን ነው እንግዲህ የምጽፈው።

ጁባ ስገባ ወጣት ነበርኩ፤ አርባ ልሞላ ትንሽ ይቀረኝ ነበር። አርባ ዓመት ወጣትነት ነው ወይ የሚለኝ ካለ፣ ሰው አዲስ አገር ሲገባ ዕድሜውን እንደገና ከአንድ ይጀምራል እለዋለሁ። ቋንቋ አታውቅም፣ ውሃ የት እንደሚገዛ አታውቅም፣ ፀሐይዋ ራሷ ባንተ ላይ ብቻ የወጣች ይመስልሃል። አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ነው ለካምፑ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አድርጎ ያመጣኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ኤሌክትሪክን ያስተማረኝ የለም፤ ራዲዮ እያፈረስኩ፣ ያፈረስኩትን እየገጠምኩ፣ የተረፈውን ብሎን ኪሴ እየከተትኩ ተማርኩ። ኮምፒውተር የሚባል ሲመጣም ያው ይሆናል ብዬ ከፈትኩት፤ ያው ሆኖ አገኘሁት። ዲፕሎማ ያላቸው ባልደረቦቼ የተበላሸ ነገር ሲያዩ መጽሐፍ ይፈልጋሉ፤ እኔ አሸተዋለሁ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ለመኩራራት ብዬ ብናገረውም ግን ውሸት አይሆንም።

ያኔ የምንኖረው ሀይ ጀላባ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ሰፊ ግቢ ነበር፤ ስምንት ክፍል፣ አንድ የማንጎ ዛፍ፣ አንድ ጄኔሬተር። ሦስቱም የላዶ ናቸው። ላዶ ከጁባ ወጣ ብሎ ነጭ ዓባይ ዳር ባለው ረጃፍ ተወልዶ ያደገ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። የከተማ መብራት አልነበረም፤ «ካህራባ ማፊ»፣ መብራት የለም፣ የሚለውን ከጁባ አረብኛ ሁሉ አስቀድሜ የለመድኩት ለዚህ ነው። አመሻሹ ላይ ላዶ ጄኔሬተሩን ያስነሳል፤ ስምንቱም ቤት ገመድ ዘርግቶ መብራት ይስባል። ሰዉ ቴሌቪዥኑንና ማራገቢያውን፣ አስካለ ደግሞ ለምግብ ቤቷ የገዛችውን ትልቅ ፍሪጅ ስትሰካ ሞተሩ ማቃሰት ይጀምራል፤ አምፖሎቹም የበሰለ ማንጎ ይመስላሉ።

ከእኛ ቀጥሎ ያለው ክፍል የመምህር ጋትሉዋክ ነበር። ኑዌር ነው፤ በስደት ኢትዮጵያ ስላደገ ግን አማርኛውን ከእኔ አጥርቶ ይናገራል፣ ሽሮ ካልበላ የዋለ አይመስለውም። አገሩ የተመለሰው ሕፃናትን በገዛ ቋንቋቸው ማንበብ ሊያስተምር ነው። ለትምህርት ቤቱ መጽሐፍ አልነበረም። ስለዚህ ራሱ ይጽፍ ጀመር፤ ፊደሉን፣ ቃሉን፣ ሥዕሉን፣ ሁሉንም በአንዲት አሮጌ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ።

ጋትሉዋክ ቀን ስለሚያስተምር የሚጽፈው ሲመሽ ነው፤ ሲመሽ ደግሞ ኮምፒውተሯ አልነሳ አለችው። ተጠራሁ። በቴስተር ለካሁ፤ ሁለት መቶ ሠላሳ ቮልት መሆን የነበረበት ኃይል መቶ ሠላሳ ላይ ወርዷል። ከኮምፒውተሯ ጀርባ አንዲት ቀይ መቀየሪያ አለች፤ ኃይሉ ከፍተኛ ለሆነ አገር ትልቁ ቁጥር፣ ዝቅተኛ ለሆነ አገር ትንሹ ቁጥር የሚመረጥባት። በካቻቢቴ ጫፍ ገፋ አድርጌ ትንሹ ላይ አደረግኋት። ኮምፒውተሯ ወዲያው ተነሳች። ግቢው በሙሉ አጨበጨበልኝ። «ኢታ ሙሃንዲስ» አለ ላዶ፤ አንተ መሐንዲስ ነህ ማለቱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሐንዲስ ተባልኩ፤ እኔም አልካድኩም።

ዝናቡ ሊያበቃ ሲል መጽሐፉ አለቀ። ሐሙስ ጠዋት ወደ ካምፓላ የሚሄድ መኪና ለማተሚያ ቤቱ እንዲያደርስለት ጋትሉዋክ ተነጋግሮ ጨርሷል። ያ መኪና ካመለጠው ትምህርት ሲከፈት ልጆቹ እንደ አምናው ባዶ እጃቸውን ትምህርት ቤቱ ማንጎ ሥር መቀመጣቸው ነው። እሑድ ጠዋት የመጨረሻዎቹን ገጾች ሊያርም ቤት ቀረ፤ ላዶም ስለ መጽሐፉ ሲል በቀን ጄኔሬተሩን አስነሳለት። የቀረነው ሁላችን ዕቃችንን ነቅለን ቤተ ክርስቲያን ሄድን።

ከአምልኮ ስንወጣ ጋትሉዋክ በነጠላ ጫማ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ለብሶ በር ላይ ቆሟል።

«ጋሽ ደምሴ፣ ሞተች» አለኝ።

«ማን ናት?» አለች አስካለ ደንግጣ።

«ኮምፒውተሯ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ነፍሴን እኮ አወጣሃት።»

«እትዬ አስካለ፣ መጽሐፉ በውስጧ ነው ያለው።»

ሌላ ቦታ አልገለበጥከውም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ፍላሹን ቫይረስ በልቶበታል። ግቢ እስክንደርስ ከፊት ከፊታችን ይቸኩላል።

እኔ ብልሽት የምፈልገው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። ሶኬቱን ለካሁ፤ ደህና ነው። ገመዱን ለካሁ፤ ደህና ነው። ከዚያ አፍንጫዬን ወደ ጀርባዋ አስጠጋሁ። የተቃጠለ ላስቲክና የቆየ ዓሣ የሚመስል ሽታ መጣብኝ። ኃይል የሚሰጠውን የብረት ሣጥን ስፈታው ሁለቱ ትልልቅ ኮንደንሰሮች አናታቸው ተተርትሯል። ዋናው ሰሌዳም አንድ ጥግ ላይ ጠቁሯል። ሣጥኑን ገልበጥ ሳደርገው ቀይዋን መቀየሪያ አየኋት። ትንሹ ቁጥር ላይ ነች፤ እኔ ትቻት በሄድኩበት።

ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ። ግቢው ዕቃውን ነቅሎ ሲሄድ ጄኔሬተሩ ሸክሙ ቀለለለት፤ ሙሉ ኃይሉን አወጣ። ያ ሙሉ ኃይል ለግማሹ በተዘጋጀች ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። አመሻሽ ላይ ያስነሳት የእኔ ብልሃት እሑድ ጠዋት ገደላት።

«ምን አገኙ?» አለ ጋትሉዋክ።

«የላዶ ጄኔሬተር ነው» አልኩ። «ኃይል ለቀቀባት።»

ላዶ ይህን እንደሰማ ሄዶ ሞተሩን አጠፋው። «ማሌሽ፣ ማሌሽ» እያለ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሞተሩም ታይቶ ሳይጣራ ሁለተኛ እንደማይነሳ ለግቢው ተናገረ። በማግስቱ ረጃፍ ዘመዶቹ ጋ ሄዶ ክንድ የሚያህል ዓሣ ይዞ መጣ፤ ግማሹን ለጋትሉዋክ፣ ግማሹን ለደከምኩት ለእኔ። አስካለ በቃሪያና በሎሚ ጠበሰችው። እኔ እንጀራውን ብቻ እቆርሳለሁ።

«ብላ እንጂ» አለችኝ።

«ጠግቤያለሁ።»

«ያጠገበህ ዓሣው ነው ወይስ ቀይዋ መቀየሪያ? ስታዞራት እኔም አጨብጭቤልሃለሁ። አሁን ደግሞ ምስኪኑን ሰውዬ ዓሣ ታስጠምደዋለህ።»

«መጀመሪያ ልሥራት፤ ከዚያ እናገራለሁ።»

«ቢያቅትህስ?»

«እንዲህ የሚባል ቃል እዚህ ቤት የለም።»

«አለ። አንተ ስትወጣ እናወራዋለን።»

ማክሰኞ ጋትሉዋክን ይዤ ወደ ካምፑ ሄድኩ። እዚያ አንድ የሚያፈስ ኮንቴይነር ውስጥ ድርጅቱ የጣላቸው ኮምፒውተሮች ተከምረዋል፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ የፈለግከውን ውሰድ አለኝ። ብዙዎቹ ሣጥናቸው ዝጎ ተበልቷል፤ በአንደኛው ውስጥ ጉንዳን ቤት ሠርቷል። ከአንዱ ሰሌዳ፣ ከሌላው ኃይል ሰጪ፣ ከሦስተኛው ማራገቢያ ፈታሁ። ግን ሁሉም ነገር የሚቆመው ከሟቿ ኮምፒውተር ባወጣሁት፣ መጽሐፉን በያዘው ዲስክ ላይ ነው። እሱም ተቃጥሎ ከሆነ አዲስ ኮምፒውተር ብሠራ ለባዶ ነው። ኃይል ሰጠሁትና ጆሮዬን ለጠፍኩበት። ጋትሉዋክ ትንፋሹን ይዞ ያየኛል። መጀመሪያ ምንም የለም፤ ቀጥሎ ከሩቅ እንደሚመጣ ሞተር ብስክሌት ያለ ድምፅ ተነሳ፣ ከፍ አለ፣ ረጋ። ራሱ እንዲሰማው ዲስኩን ወደ ጆሮው አስጠጋሁለት። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ እኔም ብሎን የወደቀብኝ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው የእጅ ሥራ ነው፤ በእጅ ሥራ ደግሞ የሚቀድመኝ አላየሁም። የዛገውን የማስታወሻ ካርድ ጥርስ በእርሳስ ላጲስ ፈትጌ አነጣሁት። የሚሆን ሣጥን ስለታጣ፣ ሎሎጎ ውስጥ አልጋ የሚሠራ አናጢ ከተረፈው የቲክ ጣውላ እንዲገጥምልኝ አደረግኩ፤ የጁባን ሙቀት ስለማውቅ ግራና ቀኙን በትራፓኖ በሳሁት። ሰሌዳው እንጨቱን እንዳይነካ ባዶ የእስክሪብቶ ቀፎ ቆራርጬ ሥሩ አቆምኩ። ማስነሻው የበር መጥሪያ ነው። ይህን ሁሉ ያደረግኩት በአንድ ቀንና በአንድ ሌሊት ነው፤ ፋብሪካ ይሞክረው።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ሣጥኗን ተሸክሜ ግቢ ገባሁ። እርግጥ ካምፑ ውስጥ ላስነሳት እችል ነበር። ግን ያጨበጨቡልኝ ሰዎች እዚህ ናቸው፤ እነሱ እንዲያዩልኝ ፈለግሁ። ጎረቤቱ ከማንጎው ሥር ተሰበሰበ።

«ላዶ፣ አስነሳው» አልኩ።

«ላ» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «ይቺንም ይገድልብኛል።»

ለመንኩት፤ እምቢ አለ። ጋትሉዋክ ሰዓቱን ያያል። አስካለ እጇን አጣምራ በር ላይ ቆማ እኔን ታያለች። ለነገው መኪና የቀረን አንድ ቀን ነው፣ ጋትሉዋክም ገጾቹን አርሞ የሚጨርሰው እዚሁ ነው፤ ያንን ሞተር የሚያስነሳውም እውነቱ ብቻ ነው።

«ላዶ፣ ሞተርህ ጤነኛ ነው» አልኩት፣ አማርኛና አረብኛ እየቀላቀልኩ። «ያቺን ኮምፒውተር የገደልኳት እኔ ነኝ። ቀይዋን መቀየሪያ ወደ ትንሹ ቁጥር ያዞርኳት እኔ ነኝ። ሳየው አውቄያለሁ፤ አውቄም ባንተ ላይ ጣልኩት።»

ጋትሉዋክ የተናገርኩትን ለቀሩት ተረጎመ። ሲጨርስ ማንም አላጨበጨበም። ላዶ አየኝና፣ «እንግዲያው ሙሃንዲስ፣ ዓሣዬን መልስ» አለ።

«አጥንቱ አለ» አለች አስካለ።

ግቢው በሳቅ ተሞላ። ጋትሉዋክ ብቻ አልሳቀም። «መጀመሪያ መጽሐፌን» አለ።

ላዶ ሄዶ ገመዱን ሳበ፤ ሞተሩ ተነሳ። ኃይሉን ሁለት ጊዜ ለካሁ፣ መቀየሪያዋን ሦስት ጊዜ አየሁ፣ መጥሪያውን ተጫንኩ። ማራገቢያው ዞረ። ስክሪኑ ጠቁሮ ቆየ፤ ያ መቆየት ከጁባ ኑሮዬ ሁሉ ረዘመብኝ። ከዚያ በራ። ጋትሉዋክ እየፈለገ ሄደ፣ ከፈተ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ራሱ የሣላት ቀንደ ረጅም ላም ቆማለች። «ያንግ» ብሎ አነበበ፤ በኑዌር ላም ማለት ነው። ላዶ ጎሳው ባሪ ነው፣ ኑዌርኛ ቋንቋው አይደለም፤ እሱም «ያንግ» አለ፣ አስካለም አለች። እኔ ግን ድምፄ አልወጣ አለኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ያጋጠመኝ ነገር ነው።

መኪናው ሐሙስ ጠዋት መጽሐፉን ይዞ ሄደ፤ አንድ ቅጂ ደግሞ በአዲስ ፍላሽ እኔ ኪስ ውስጥ ቀረ። ታትሞ ሲመጣ ጋትሉዋክ የመጀመሪያውን ለላዶ ሰጠው፣ ሁለተኛውን ለእኔ። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነበር፤ አሁን ላይ ሆኜ እንዲህ እላለሁ። የቲኳ ኮምፒውተር ሦስት መጽሐፍ ጻፈች። ጋትሉዋክ ላፕቶፕ ሲገዛ ራሱ ተሸክሞ መለሰልኝ።

የሶላሩ ባለሙያ እስከዚህ ድረስ ሰምቶ ሥራውን ጨረሰና፣ «ታዲያ አሁን ትነሳለች?» አለኝ።

«ካህራባህን ስጠኝና እይ» አልኩት።

ገመዱን አነሳ። ሊሰካው ሲል ቆም አለና ተንበርክኮ ከሣጥኗ ጀርባ አየ። እዚያ ቀይዋ መቀየሪያ ትልቁ ቁጥር ላይ በማጣበቂያ ታሽጋለች፤ በላይዋ ላይ በተለጠፈ ፕላስተር በአስካለ እጅ «ደምሴ፣ እንዳትነካ» የሚል ተጽፏል። አነበበው። እሱም አልበቃው ብሎ ቴስተሩን አውጥቶ ራሱ የዘረጋውን ሶኬት ለካ፤ ከዚያ ሰካ።

አላመነኝም። ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ ብዬ ኮራሁና መጥሪያውን ተጫንኩ።