እናቴ ድምጿን የቀዳችበት ካሴት

ባለፈው ሰሞን አንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ ይዤ ሳለሁ የፋክስ ማሽኑ ሲጢጥ ብሎ ጮኸ። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ ስኳር ያለብኝ መስሏት ውኃ ልታመጣ ተሯሯጠች። አቦ፣ ምን ስኳር! ድሬዳዋ ተነሳችብኝ እንጂ።

ያኔ በደርግ ጊዜ ወንድሜ አንድ ፋብሪካ ደመወዝ ክፍል ይሠራ ነበር። ከጅቡቲ የመጣች ትንሽ ኮምፒውተር ነበረቻቸው፤ ከቴሌቪዥንና ከቴፕ ጋር ተያይዛ የምትሠራ። ስትበራ ጭንቅላቷ ባዶ ነው። የሚያሠራት ፕሮግራም የተቀዳው አንድ ካሴት ላይ ነበር፤ ካሴቱ እንደዚያ ፋክስ እየጮኸ ካልተጫነባት ሁለትና ሁለት አትደምርም። እሷን የሚያውቃት ወንድሜ ብቻ ስለሆነ ሥራ አስኪያጁ «ለሥራው አስፈላጊ ነው» ብለው ከብሔራዊ ውትድርና አስቀሩት። የሰፈሩ ልጆች እየታፈሱ ሲሄዱ እሱ እኛ ጋ የቀረው በዚያች ካሴት ነው።

የቢሮው ቆርቆሮ ሙቀት እንዳያበላሽበት ካሴቱን ማታ ማታ ቤት ያመጣው ነበር። እናቴ ደግሞ እንደ ሰፈራችን እንደ መጋላ ሰው ሁሉ፣ ጅቡቲ ላለችው እህቷ የምትልከው ደብዳቤ በድምፅ ነው። አንድ ቅዳሜ ካሴቱን አገኘችና ቴፕ ውስጥ ከተተችው፤ ጮኸባት። «ይሄማ ተበላሽቷል» አለች። ሰላምታዋን፣ የጉልበቷን ሕመም፣ የጎረቤቱን ሠርግ ሁሉ ቀዳችበትና ለአንዲት ነጋዴ ሰጥታ በባቡር ላከችው።

ወንድሜ ሲሰማ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ዘጭ አለ። «እማ፣ ገደልሽኝ» አላት። ማክሰኞ ደመወዝ ይሠራል፤ ማሽኗ ካልተነሳች ስሙ ለምልመላ ይተላለፋል። ባቡሩ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። እናቴ «ያ ረቢ፣ ምን አደረግኩ!» እያለች ፊቷን ትመታለች። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ ሁለቱንም ቆሜ አያለሁ።

ኮምፒውተሯን የሸጠው የጅቡቲ ባለሱቅ የካሴቱ ግልባጭ ነበረው። በማግስቱ ስልክ ቤት ሄደን አክስቴን ሱቁ ድረስ አስኬድናት፤ ባለሱቁ ካሴቱን በስልኩ ላይ ያጫውታል፣ እኛ ከዚህ እንቀዳለን። ከሰዓት በኋላ ደወልን። የስልክ ቤቷ ጠባብ ክፍል እንደ ምድጃ ትፋጃለች፣ የስልኩ እጀታ የሰው ትንፋሽ ይሸታል። ወንድሜ የቴፑን ማይክ እጀታው ላይ ደግኖ ያዘ፣ ላቡ ክርኑ ላይ ይንጠባጠባል። ጩኸቱ መምጣት እንደጀመረ መስመር የምታገናኘዋ ስልከኛ «ሃሎ፣ ጨርሳችኋል?» ብላ መሐል ገባች። ተበላሸ።

«እህቴ፣ በአላህ፣ ዝም በይልኝ!» አላት ወንድሜ።

«ምንድነው የሚጮኸው? ሰላይ ናችሁ እንዴ?»

ወንድሜ ግን እውነቱን ነገራት፦ «ይሄ ካልተቀዳ ለውትድርና ይወስዱኛል።»

ስልከኛዋ «የእኔም ወንድም እዚያው ነው። እንደገና ጀምሩ» አለች። እስከ መጨረሻው ትንፍሽ አላለችም። መልኳን እንኳ አላየሁትም፤ ዛሬም ድረስ እመርቃታለሁ።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ወንድሜ እየሮጠ መጣና «ተነሳች!» ብሎ እናቴን ከነነጠላዋ ከመሬት አነሳት። ወላሂ፣ እንደዚያን ቀን ቤታችን ተስቆ አያውቅም።

ሥራ አስኪያጁ ግን የካሴቱን ነገር ሰምተው ደንግጠው ነበር። «ለካ ባንድ ሰው ላይ ነው የተንጠለጠልነው። ሁለት ልጆች አሠልጥን» አሉት። ወንድሜ ንፉግ አይደለም፤ የሚያውቀውን ሁሉ ሳይደብቅ አስተማራቸው። ልጆቹ ሲችሉ ያ «አስፈላጊ ነው» የሚል ወረቀት ሁለተኛ አልተጻፈለትም። ወሰዱት። አልተመለሰም።

እናቴ እስክትሞት ድረስ «እኔ ነኝ አሳልፌ የሰጠሁት» ትል ነበር። «ኧረ እማ፣ ማሽኗ ተነስታ የለ እንዴ? አንቺ ምን አደረግሽ?» እላታለሁ። ፕሮግራሙ ባይጠፋ ግን ሥራ አስኪያጁ ባልደነገጡ፣ ሌላ ሰው ይሠልጥን ባላሉም ነበር። ይህን እኔም አውቀዋለሁ፣ እሷም ታውቀው ነበር።

«አይደለሽም በይኝ» ትለኛለች፣ እጄን ይዛ።

«አይደለሽም፣ እማ» እላታለሁ።