የቲቸር አንጎል ሌባ

ሌባ የሚሆንላት ሰው አጣች። ይገርማል እኮ! ስንቱ ሰው ሌባ በዝቶበት በበር ላይ በር ያስገጥማል፤ እሷ ግን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ቦርሳዋን መንትፎ የሚሮጥላት አንድ ሰው ቸገራት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ልቦና ታስተምራለች። ሁልጊዜ የሚሰጣት የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነው፤ ልጆቹ የሚያዛጉበት፣ ሆዳቸው የሚጮህበት። ርዕሰ መምህሩ ትምህርቱን እንደ ምርቃት ነው የሚያየው፤ ቢኖር አይጠላም፣ ባይኖርም አይሞትም። ተማሪዎቿ ግን ይወዷታል። «ቲቸር አንጎል» ነው የሚሏት፤ ስለ አንጎል ስታስተምር አበባ ጎመን ይዛ ትገባለችና። «ይኸው ግራና ቀኙ፣ ይኸው እጥፋቱ፣ ግንዱን ደግሞ እዩት» እያለች በቢላ ትከፍለዋለች። ያው አበባ ጎመን ቤት ገብቶ ይቀቀላል። ባሏ በሕይወት ሳለ የድስቱን ክዳን ከፍቶ ያይና «ዛሬም የልጆቹን አንጎል ልታበይኝ ነው?» ይላት ነበር። አሁን ግማሹን ትበላለች፤ ግማሹ ፍሪጅ ውስጥ ይጠቁራል።

ሌባው ባሏ ነበር።

በየዓመቱ ስለ ትዝታ የምታስተምርበት ቀን ሲደርስ የመብራት ሠራተኛው ባሏ ከሥራው አስፈቅዶ፣ ከጓደኛው ካፖርት ተውሶ፣ ሳያንኳኳ በሩን በርግዶ ይገባል። «ቦርሳውን ወዲህ በይ!» ብሎ ሲያንባርቅ እሷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ትጮሃለች። እሱ ቦርሳውን ይመነጭቅና ውልቅ! ልጆቹ ትንሽ ሲረጋጉ ጠመኔዋን ታነሳለች። «በሉ፣ ሌባው ምን ለብሷል? ረጅም ነው አጭር? ቦርሳውን በየትኛው እጁ ያዘ?» አንዱ ካፖርቱን ጥቁር ሲል አንዱ ቡኒ፣ አንዷ ጢም ስታበቅልለት ሌላዋ መላጣ ስታደርገው፣ እሱ ተመልሶ ይገባና እጅ ነስቶ ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ክፍሉ በሳቅ ይናጋል። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ትላለች እሷ። ታላላቆቹ ለታናናሾቹ ሹክ ስለሚሉ ልጆቹ ሌባው እንደሚመጣ አስቀድመው ያውቃሉ። እያወቁም በየዓመቱ ይሳሳታሉ፤ እሷን ደስ የሚላትም ይኸው ነበር።

አምና ባሏ ሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለ። ዘንድሮ የትዝታው ትምህርት ሲቃረብ ምትክ ሌባ መፈለግ ያዘች። አዲስ ሌባ ከመጣ የቀድሞው የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም ብላ ነው።

መጀመሪያ ዘበኛውን ጠየቀች። «እኔ? በስተርጅና ሌባ ልባል?» አሉ ሽማግሌው። «ደግሞስ ልጄ፣ የምጠብቀውን በር ራሴ ልስበረው?» የሂሳብ መምህሩን ጠየቀች። «ልጆቹ በጫማዬ ድምፅ ያውቁኛል» አላት፤ እውነቱን ነው፣ ያ ጫማ ከሩቅ ይጮሃል። ጎረቤቷን እንዳትጠይቅ፣ ጎረቤቷን የምታውቀው በሳሉ ብቻ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ገብታ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ስልኳን ከላይ እስከ ታች አገላበጠችው። የቧንቧ ሠራተኛ። የጥርስ ሐኪም። የቤት አከራይ። «እባክህ ናና ዝረፈኝ» የምትለው አንድም ሰው የለም። እንዲህ ያለ ነገር የሚባለው ለቅርብ ሰው ነዋ! የኮሪደሩ አምፖል ከተቃጠለ ሰንብቷል፤ የመብራት ሠራተኛ ሚስት ግድግዳ እየዳሰሰች ወደ መኝታዋ ሄደች።

ይህን ብቸኝነት ግን ሌላ ሰው አላመጣባትም፤ ራሷ ናት የጠመጠመችው፣ ያውም በተማረችው ትምህርት።

«ትዝታ ፎቶ አይደለም» ትላለች ለተማሪዎቿ። «ትዝታ ሊጥ ነው። ባነሳችሁት ቁጥር የጣታችሁ ምልክት ይቀርበታል። ስትመልሱት የቀድሞው አይደለም።» ይህን ለሌላው ስታስተምር ኖራ በሐዘኑ ሰሞን በራሷ ላይ ደረሰ። የባሏ ታላቅ እህት አጠገቧ ቁጭ ብላ ስለ ወንድሟ ታወራ ነበር።

«በሠርጋችሁ ቀን በዚያ ግራጫ ሱፍ ጭቃ ላይ ሲንሸራተት!»

«ጥቁር ነበር እኮ እትዬ።»

«ኧረ ግራጫ ነው! እኔ አይደለሁ እንዴ ያጠብኩት?»

ከዚያች ቀን ወዲያ የሱፉ ቀለም ጠፋባት። ጥቁር ስትለው ግራጫ ይሆናል፣ ግራጫ ስትለው ይጠቁራል። ደነገጠች። ዛሬ ሱፉን የነካ ነገ ፊቱን አይነካም?

«እትዬ፣ እባክሽ ስለ እሱ አታውሪብኝ» አለች።

«ወንድሜ እኮ ነው!»

«ቢሆንም። ያለኝን እንዳታበላሺብኝ ነው።»

ሴትዮዋ ተነስታ ወጣች፤ በዚያው ቀረች። ቲቸር አንጎል ፎቶውን ቁም ሳጥን ውስጥ ከአንሶላ ሥር ቀበረችው። የባሏ ጓደኞች ደውለው «ያ ሰው እኮ…» ብለው ሲጀምሩ ሥራ አለብኝ እያለች ዘጋችባቸው። ፊቱ ሊመጣባት ሲል ሬዲዮ ትከፍታለች። ሳይነካ ይቆይልኝ ነው ነገሩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሷ ደግሞ እንዳላጣው ብላ አልይዝም አለች። ምን ዓይነት ፍርጃ ነው!

የትምህርቱ ሌላ ግማሽም አለ፤ ሰው ያልሄደበትን መንገድ ሣር ይውጠዋል፣ ያላስታወሱት ነገርም እንደዚያው። እሱንም ታስተምራለች። በጠመኔ ጽፋ ታስረዳለች፣ ከዚያ በዳስተር ታጠፋለች፣ ወደ ቤቷም ትሄዳለች። አንድ ቀን ታዲያ በሩን ከፍታ ስትገባ ባሏ ከውጭ ሲመጣ እንዴት አድርጎ ይጠራት እንደነበር ልትሰማው ፈለገች። ምንም የለም። ቃሉን ታውቀዋለች፤ ድምፁ ግን የለም። ቁልፏን እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቀረች። ለካ ከፊት በኩል ቆልፋ ስትጠብቅ ከኋላ እየተሰረቀች ኖሯል! ያን ሰው ሁለተኛ ልታጣው ነው፤ አሁን ደግሞ በገዛ እጇ። እንደዚያን ቀን ፈርታ አታውቅም።

የትዝታው ትምህርት ቀን ደረሰ። ሌባ አልተገኘም። አበባ ጎመኗን ታቅፋ ገባችና «ዛሬ ስለ እንቅልፍ ነው የምንማረው» አለች፤ ምዕራፉን ልትዘለው። ክፍሉ አጉረመረመ። በጥያቄዋ ብዛት «መርማሪ» የሚሏት፣ ከፊት የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሌባው ዛሬ አይመጣም እንዴ?»

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። ለካ ከገባች ጀምሮ አንገታቸውን ያስረዘሙት እሱን ሲጠብቁ ነው። ሥራ በዝቶበት ነው ብትል ያልፍ ነበር፤ ምላሷ ግን አልታዘዘላትም።

«ሌባው ባለቤቴ ነበር» አለች። «ሞቷል።»

ቃሉን ከአፏ ስትሰማው ራሷ ደነገጠች። መርማሪ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ይቅርታ ቲቸር፣ አላወቅሁም… እህቴ እኮ ሁልጊዜ ስለ እሳቸው ታወራለች። እቤት አስመስላ ትሠራልናለች። እርስዎ ፊትዎን ሸፍነው ሲጮሁ እሳቸው በሩ ላይ ዞር ይሉና በዓይናቸው ይጠቅሱን ነበር ትላለች።»

ቲቸር አንጎል እባክሽ ተይ ልትል አፏን ከፈተች። ግን ከኋላ ወንበር አንዱ ቀደማት።

«ውሸት! ወንድሜ እንደዚያ አላለም። ሌባው በሩ ላይ ቆሞ ሁለት ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ ነው ያለኝ።»

«የምን ጸሎት? ሌባ ይጸልያል እንዴ?»

«እሱ እኮ ነው ያሳቃቸው! ሰርቆ ሲጸልይ!»

«ጠቀሰ እንጂ!»

«ጨፈነ አልኩሽ!»

ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። በሌላ ጊዜ ቢሆን «አያችሁ? ይኸው ነው የትዝታ ነገር» ብላ በዚያው ታስተምርበት ነበር። አሁን ግን ጠመኔዋን ጨብጣ ከአንዱ አፍ ወደ አንዱ አፍ ታያለች። ከሰው ሰምቶ የሚያወራ ልጅ ምስክር እንደማይሆን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም ይህ እሷ ያላየችው ባሏ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ፊቷን ሸፍና ስትጮህ እሱ ከእጇ ማዶ አንድ ነገር ያደርግ ነበር፤ እሱ አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችውም። ጠቀሰ ወይስ ጨፈነ? ደወሉ ሲደወል እንኳ አልሰማችም፤ ልጆቹ በዝግታ፣ ወንበር ሳይጎትቱ ወጡ።

ቤቷ ስትገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ያልተቆረጠውን አበባ ጎመን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፤ ካፖርቷን ሳታወልቅ ለባሏ እህት ደወለች። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ። ልትዘጋው ስትል ተነሳ።

«ማን ልበል?» አለች ሴትዮዋ፤ ቁጥሩን ጠንቅቃ እያወቀች!

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«ደህና ነሽ?» ድምፁ ቀዝቃዛ ነው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወንድምሽ… በዓይኑ ይጠቅስ ነበር እንዴ?»

«ስለ እሱ አታውሪብኝ ያልሺኝ አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ። አጥፍቻለሁ እትዬ። አሁን አውሪልኝ።»

ከወዲያ ማዶ የተቆራረጠ ትንፋሽ ተሰማ፤ አስለቀስኳት ብላ ተሳቀቀች። ሴትዮዋ ግን እየሳቀች ነበር።

«መጥቀስ? እሱ? ኧረ ወዲያ! ከልጅነቱ ጀምሮ አይችልም እኮ! አንዱን ልጨፍን ሲል ሁለቱም ክድን ይሉበታል። መስታወት ፊት ተገትሮ ስንት ለፋ፣ ወይ ፍንክች! አንቺ ሚስቱ ሆነሽ ይሄን አታውቂም?»

ታውቀዋለች! በዚያ ቅጽበት መጣላት። የድስቱን ክዳን እንደያዘ፣ በእንፋሎቱ መሀል፣ አፍንጫውን ሸብሽቦ ሁለት ዓይኖቹን አንድ ላይ ይከድናል፤ ሲጠቅሳት መሆኑ ነው። ስንቴ ስቃበታለች! የመርማሪ እህትም የዚያ ልጅ ወንድምም አልተሳሳቱም፤ ሁለቱም ያዩት እሱኑ ነው። ያቺን የመሰለች ነገር እንዴት ጥላት ኖረች? ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ጨለማው ኮሪደር ላይ ቁጭ አለችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

«አለሽ? ምነው ዝም አልሽ?»

«አለሁ እትዬ። ሱፉ… ግራጫ ነበር አይደል ያልሺኝ?»

«ግራጫ ነው እንጂ! እኔ አይደለሁ እንዴ ያጠብኩት?»

«እሺ፣ ግራጫ ይሁን» አለች አፍንጫዋን በካፖርቷ እጅጌ እየጠረገች። «ጭቃው ላይ ሲንሸራተት ምን አለ? ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»