ስም ያልተጻፈበት ስንዴ

ትናንት ከሰዓት ልጄ ሙሉቀን ትልቅ ጥቅል ተሸክሞ ማራኪ ሰፈር ያለችው ቤታችን ገባና አልጋዬ ላይ ዘረጋው። ለቤተክርስቲያን በስለት የሚገባ መጋረጃ ነው፤ ቀይ የከፋይ ጨርቅ፣ ገና የቀለም ሽታው ያልለቀቀው። ባለፈው ክረምት ሐኪሞች ሆዱን ቀደውት በሞትና በሕይወት መሀል ሲንገላታ የተሳለውን ማድረሱ ነውና ደስ ብሎኝ መነጽሬን አድርጌ ተጠጋሁ። በወርቅ ክር፣ ስንዝር በሚያክል ፊደል የሙሉቀን ስም ተጠልፏል፤ ከሥሩ የሚስቱ፣ ከእሷ ሥር ደግሞ የእኔ፣ «ወይዘሮ ዓለምነሽ» ተብሎ። የእግዚአብሔርን ስም ፈለግሁ። ታች፣ ዘርፉ ሊሸፍነው ምንም ያልቀረው ቦታ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል «ምስጋና ለእግዚአብሔር» ይላል።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስማችን በድምፅ ማጉያ ይጠራል፣ ሦስታችንም ከሕዝቡ ፊት እንቆማለን አለኝ ሙሉቀን። ድምፅ ማጉያውን የሚይዘውን ሰውዬ አውቀዋለሁ፤ እንደ ሠርግ አስተናባሪ ወገቡን ይዞ የጃንጥላ ሰጪውን፣ የምንጣፍ ሰጪውን ስም ሲያነበንብ ይቆይና እልልታው ያነሰ ሲመስለው አልሰማሁም እያለ ያስደግማል። ሰጪዎቹም ነጠላቸውን እያስተካከሉ በስልክ ፎቶ ወደሚያነሳቸው ሰው ዞረው ፈገግ ይላሉ። ባየሁት ቁጥር ይቀፈኛል፤ ጀርባቸውን ለመቅደሱ ሰጥተው ያመሰግናሉ።

እኔ ያደግሁት አምባ ጊዮርጊስ ነው፣ ብርዱ ጋቢ ሥር ገብቶ አጥንት በሚፈልግበት አገር። እዚያ ምስጋና የስንዴ ሽታ ነበረው። ለቅዳሴው ኅብስት የሚሆነውን ስንዴ፣ መገበሪያውን፣ እናቴ እጇን ታጥባ፣ ትንፋሿ እንዳይነካው አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ ሰፌድ ላይ ዘርግታ ስትለቅም ትውላለች፤ የተሰበረ ፍሬ አታሳልፍም፣ ገብስ አታሳልፍም፣ እኔ አንዲት ፍሬ ወደ አፌ ልልክ ስል ደግሞ አፏ ስለተሸፈነ በዓይኗ ብቻ ትቆጣኛለች፣ የዓይኗ ቁጣ ከአፏ ይብስ ነበር። ከዚያ በነጠላዋ ሥር ደብቃ ትወስደውና ኅብስቱ ከሚጋገርበት ትንሽ ቤት፣ ከቤተልሔሙ ደጅ፣ አንድ ትልቅ እንቅብ ውስጥ ትገለብጠዋለች። የመንደሩ ሁሉ መገበሪያ እዚያው እንቅብ ውስጥ ይገባል፤ ከገባ በኋላ የማን የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

አንድ ዓመት የእኛን ማሳ በረዶ መታው። የጎረቤታችን የአያ ድረስ ማሳ ግን፣ ከእኛ በአንድ ወሰን ብቻ የሚለየው፣ ሳይነካ ተረፈ። በዚያው ሰሞን እኔ ኩፍኝ ይዞኝ ከሞት አፋፍ ተመልሼ ነበርና እናቴ መገበሪያ ካላገባሁ አለች። አባቴ በዚህ ዓመት ደግሞ ምን ተገኝቶ ነው ምስጋናው ቢላት፣ ወደ እኔ በአገጯ አመልክታ «ይቺ አለች አይደል?» አለችው። ከአጨዳ በኋላ ማሳው ለድሃ ክፍት ነውና ከአያ ድረስ አዝመራ የወዳደቀውን ዘለላ ቃርማ፣ እኔንም አስከትላ አስቃርማ፣ አሽታ፣ ለቅማ አዘጋጀች።

ከቤተልሔሙ ደጅ ስንደርስ አያ ድረስ ነጭ ስንዴውን በከረጢት አስይዞ ቆሟል። እናቴን ከእግር እስከ ራሷ ካያት በኋላ መገበሪያውን ወደሚቀበሉት ቄስ ዞሮ የእሱ ከቃርሚያ ጋር እንዳይቀላቀል፣ ለብቻው እንዲጋገርለት ጠየቀ። ዛሬም ድረስ ያ አፍንጫውን የሸበሸበበት መልኩ አይረሳኝም። እናቴ አንገቷን ደፋች። ቄሱ ሳቅ ብለው፦

«አያ ድረስ፣ በረዶውን ከማሳህ የመለስከው አንተ ከሆንክ ንገረኝ፤ ለብቻው አስጋግርልሃለሁ» አሉት።

እሳቸውም የእናቴን ስንዴ ከእጇ ተቀብለው ገለበጡ፣ የእሱን ከላይ ጨመሩበት፣ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው አስገብተው አማሰሉት። በማግስቱ ከዚያ ከተቀላቀለው ስንዴ በተጋገረው ኅብስት ሥጋ ወደሙን አያ ድረስም እኔም ተቀበልን፤ ሲመለስ እግር መንገዱን ቤታችን ጎራ ብሎ እናቴን ሸጋ ዋልሽ ወይ ሲላት ሰማሁ፤ ከዚያ በፊት ደጃችንን ረግጦ አያውቅም።

ይኼን ሁሉ ለሙሉቀን አወራሁለት። ዘመኑ ተቀይሯል እማዬ፣ ሌላው አይቶ እንዲሰጥ ነው አለኝ። እኔ ግን ፍርድ ሲጓደል አልወድም፤ ስም ካስፈለገማ ይሟላ። ሆስፒታል ደም ሲጠፋለት ነጠላ ነጋዴዋ ጎረቤታችን ሐዋ አይደለችም ወይ ሱቋን ዘግታ መጥታ ክንዷን የዘረጋችው?

«የሐዋ ስም የታል?» አልሁት።

«እማዬ፣ እሷ እኮ ሙስሊም ናት።»

«ምነው፣ ደሟ ሲገባልህ ሃይማኖቷን ጠይቀህ ነበር?»

እኔም ምላጭ አምጥቼ መስኮቱ ሥር ተቀመጥሁና የራሴን ስም፣ ፊደል በፊደል፣ ክሩን እየበጠስሁ ነቀልሁ። ምራቴ በሩ ላይ ቆማ ሰው ይስቅብናል ስትል ይስቅ አልኋት። የወርቁ ክር ጭኔ ላይ ተከመረ፤ የተበጠሰ ቆሻሻ ክር።

ስሜን ነቀልሁት፣ ግን ከፋዩ ላይ የመርፌው ቀዳዳ ቀረ። ብርሃን ላይ ሲይዙት አሁንም ዓለምነሽ ተብሎ ይነበባል። በጣቴ ባሸው፣ ውኃ ብረጭበት አልደፈን አለኝ። የእናቴ ስንዴ እንቅቡ ውስጥ ከገባ በኋላ እሷ ራሷ እንኳ ልታገኘው አትችልም ነበር።

ምላጩን መጋረጃው ላይ፣ ከልጄ ስም አጠገብ ትቼለታለሁ። እሁድ ገና አልደረሰም።