ከሳይረኑ በኋላ ያለው መንገድ

የሰዓት እላፊው ሳይረን የጮኸው፣ እዚህ ዐረብ አገር፣ ተላዕ አል-ዓሊ የሚባል ሰፈር የማጸዳበትን ቤት ቆሻሻ በከረጢት ይዤ ደረጃውን ስወርድ ነው። በዚያ የኮሮና ሰሞን ታክሲ የለም። የሰባት ዓመት ልጄን የምንኖርበት ሰፈር፣ ስዌይለህ፣ ክፍላችን ውስጥ ቆልፌባት ነው የመጣሁት። የመኖሪያ ወረቀቴ፣ ኢቃማዬ፣ ጊዜው አልፏል። ፖሊስ ቢይዘኝ ማን ይከፍትላታል? እግሬ ሩጪ ሩጪ አለኝ።

በአሥራ አምስት ዓመቴ አሰላ ላይ ለክለብ ምልመላ የሮጥኩት ቀን ትዝ አለኝ። ሽጉጡ ሲተኮስ በርግጌ ወጣሁ። ሁለት ዙር መራሁ፤ ከዚያ ሁሉም እየተከታተሉ አለፉኝ። እርጥቡ ሣር ላይ ተደፍቼ ሳለቅስ አሰልጣኛችን ጋሽ በየነ አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

«አንቺ፣ ውሻ ነው እንዴ ያባረረሽ?»

«ፈራሁ፣ ጋሼ።»

«ያልፈራ ማን አለ? ተኩሱ የጠራው ጆሮሽን ነው፤ እግርሽን አይደለም። መጀመሪያ ትንፋሽሽን አስወጪ፣ ከዚያ በራስሽ ልክ ሂጂ።»

ክለቡ አልወሰደኝም። ሌላ ጊዜም አልሞከርኩም።

ትንፋሼን ማስኬ ውስጥ አስወጣሁና መራመድ ጀመርኩ። የቆሻሻ ገንዳው ጋ ስደርስ የፖሊስ መኪና ቀስ ብሎ መጣ። አልሮጥኩም። ፖሊሶቹ ከረጢቱን አይተው፣ ቆሻሻ ልጥል የወጣሁ የሰፈሩ ሰው መስዬአቸው አለፉ። ስለዚህ አልጣልኩትም። የሰው ቤት ቆሻሻ ተሸክሜ፣ ድምፅ በሌለው መንገድ ብቻዬን፣ ገንዳ በገንዳ እያለፍኩ ስዌይለህ ደረስኩ።

በሩን ስከፍት ልጄ ጫማዋን አድርጋ ቆማለች።

«እማ፣ ሳይረኑ ከጮኸ ቆየ እኮ።»

«ደርሻለሁ፤ ደህና ነኝ» አልኳት።